የእጅ ስልክ ትምህርትና የመምህሩ ፈቃድ

ባለፉት ጥቂት ዓመታት በአገራችን ገበያ አንድ አዲስ ዓይነት ሸቀጥ ብቅ ብሏል። ይህ ሸቀጥ በመጋዘን አይከማችም፤ በጭነት መኪና አይጓዝም፤ በሚዛን ተመዝኖ ወይም በክንድ ተለክቶ አይሸጥም። ገዢው በእጁ ያለውን ስልክ ጥቂት ጊዜ ነካ ነካ ሲያደርግ ዕቃው ወዲያው ይደርሰዋል። ይኸውም የመማሪያ መተግበሪያ የሚባለው ነው። በውስጡ የሒሳብ መልመጃ፣ የቋንቋ ትምህርት፣ የፈተና ጥያቄና መልስ፣ የቤት ሥራ መቀበያና ማረሚያ፣ እንዲሁም ወላጅና ትምህርት ቤት የሚገናኙበት ሰሌዳ ይገኛል።

ለዚህ ገበያ መከፈት ምክንያት የሆኑት ነገሮች ጥቂት አይደሉም። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፣ ትምህርት በስልክ ሊላክና ሊደርስ እንደሚችል ወላጆችም መምህራንም በዐይናቸው አዩ። በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ በመጀመሩ አነስተኛ ሒሳብ በስልክ መክፈል ቀላል ሆነ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን ሲከፍት፣ በዚህ ሥራ ለረጅም ዘመን ብቻውን የቆየው ኢትዮ ቴሌኮም ተወዳዳሪ አገኘ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሎቹ ተፈታኞች በወረቀት መሆኑ ቀርቶ በኮምፒዩተር ተሰጠ። እነዚህ ሁሉ ተደማምረው፣ ዕውቀትና ጥቂት ካፒታል ያላቸው ወጣቶች ወደዚህ ሥራ እንዲገቡ፣ የግል ትምህርት ቤት ባለቤቶችም ገንዘባቸውን እንዲያወጡበት አደፋፈሩ።

ይሁን እንጂ በዚህ ንግድ ውስጥ ያሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያጋጥማቸው አንድ ነገር አለ። መተግበሪያው ይሠራል፤ ውሉ ይፈረማል፤ መምህራኑ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ተሰብስበው ገለጻ ይሰጣቸዋል፤ ስማቸውና የይለፍ ቃላቸው ይመዘገባል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ይከፍተዋል። ወር ሳይሞላ ግን ቁጥሩ እየሳሳ ይሄድና፣ በሴሚስተሩ መጨረሻ መተግበሪያውን የሚከፍቱት ከመምህራኑ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ብቻ ይሆናሉ። በዓመቱ መጨረሻ የትምህርት ቤቱ ባለቤት ውሉን አያድስም። ነጋዴውም «መምህራኖቻችን አዲስ ነገር አይወዱም» ብሎ ይደመድማል።

ይህ ፍርድ ፈጽሞ ትክክል አይደለም። ለነጋዴውም ኪሳራ የሚያመጣው፣ ከመተግበሪያው ጉድለት ይልቅ ይኸው የተሳሳተ ፍርድ ነው።

ገዢው ማን ነው?

በማናቸውም ንግድ ውስጥ ሻጩ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ገዢውን ነው። በመማሪያ መተግበሪያ ንግድ ግን ገዢው አንድ ሰው አይደለም። ገንዘቡን የሚከፍለው የትምህርት ቤቱ ባለቤት ወይም ወላጅ ነው። በዕቃው የሚማረው ተማሪው ነው። ዕቃው በክፍል ውስጥ ይኖር ወይም አይኖር እንደሆነ የሚፈርደው ደግሞ መምህሩ ነው። መምህሩ ውል አይፈርምም፤ ዋጋም አይከራከርም፤ ሆኖም የክፍሉን በር ከውስጥ የሚዘጋው እርሱ ነው። አንድን የማስተማሪያ መሣሪያ ያልወደደ መምህር በአደባባይ ሊቃወመው አያስፈልገውም። ዝም ብሎ ጠመኔውን አንሥቶ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ይዞራል፤ በዚያው የመሣሪያው ነገር ያከትማል።

አባቶቻችን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። የክፍሉ ባለቤት መምህሩ እንደ መሆኑ መጠን፣ እርሱን ሳያማክር የክፍሉን አጥር የሚነቀንቅ ሁሉ መጨረሻው አያምርም። የዚህም ማስረጃ በአገራችንም በውጭ አገርም የታየ ነው።

ከፊደል ገበታ እስከ ፕላዝማ

አንድ ነጋዴ የሠራው የማስተማሪያ መሣሪያ በመምህራን ዘንድ በሙሉ ልብ እንዴት ተቀባይነት እንደሚያገኝ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ ሩቅ ሳይሄድ የፊደል ገበታን ታሪክ ይመልከት። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ የፊደልን ገበታ በማተሚያ አባዝተው በየአገሩ እንዲዳረስ ባደረጉ ጊዜ፣ ለየኔታ አዲስ የማስተማር ሥርዓት አላመጡባቸውም። ሀሁው በቦታው ነበር፤ አቡጊዳውም በቦታው ነበር። የኔታም እንደ ልማዳቸው በጥላ ሥር ተቀምጠው ሲያስቆጥሩ ኖሩ፤ ልጁም ስንደዶውን ይዞ በፊደሉ ላይ እየጠቆመ ቆጠረ። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በእጅ ጽሕፈት ብዙ ድካም ይጠይቅ የነበረው ገበታ በአነስተኛ ዋጋ ለያንዳንዱ ልጅ መድረሱ ነው። መሣሪያው የመምህሩን ድካም ቀነሰ፤ ክብሩን ግን አልነካም። ስለዚህ ማንም ሳያስገድድ፣ ማንም ሥልጠና ሳይሰጥ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላለፈ።

ከዚህ ጋር ሊነጻጸር የሚገባው በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው በተለምዶ «ፕላዝማ» ተብሎ የሚታወቀው የሳተላይት ትምህርት ነው። የመንግሥት ሐሳብ በጎ ነበር። በቂ የሠለጠነ መምህር በሌለበት ገጠር የሚማር ልጅ በአዲስ አበባ ከሚማረው ልጅ ጋር እኩል ትምህርት ያገኝ ዘንድ፣ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በእንግሊዝኛ ቋንቋ እየተላለፈ በየክፍሉ በተሰቀለ ሰፊ የቴሌቪዥን መስተዋት እንዲታይ ተደረገ። ለዚህም ከፍ ያለ ገንዘብ ወጣ።

ነገር ግን በክፍለ ጊዜው ውስጥ ለመምህሩ የተተወለት ድርሻ በመጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ ማስተዋወቅ፣ በመጨረሻም ጥቂት ደቂቃ ማጠቃለል ነበር። በመካከሉ መስተዋቱ ይናገራል፤ ተማሪው አልገባኝም ቢል አይቆምለትም፤ መብራት ቢጠፋ የዚያን ቀን ትምህርት ያልፋል፤ ነገ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይመጣል። ለብዙ ዓመት ያስተማረ ሰው መሣሪያውን ከፍቶና ዘግቶ የሚቆም ሠራተኛ ሆኖ ራሱን አገኘው። ተማሪውም መምህሩን ትቶ ወደ መስተዋቱ ማየት ጀመረ። ስለዚህ ጉዳይ የተጻፉ ጥናቶች ደጋግመው የሚያነሡት ቅሬታ ይኸው ነው፤ የንግግሩ ፍጥነት፣ የቋንቋው ክብደትና የመምህሩ ድርሻ ማነስ።

በፊደል ገበታና በፕላዝማ መካከል ያለው ልዩነት የዘመናዊነት ልዩነት ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው መምህሩ መሣሪያውን ያዘው፤ በሁለተኛው መሣሪያው መምህሩን ያዘው።

በሌሎች አገሮች የታየው

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። በደቡብ አሜሪካ የምትገኘው ፔሩ ለያንዳንዱ ልጅ አንድ አነስተኛ ኮምፒዩተር ለማዳረስ በተነሣው እቅድ ከሁሉ አገር ይልቅ ብዙ ገንዘብ ካፈሰሱት አንዷ ናት። የኢንተር አሜሪካን የልማት ባንክ ተመራማሪዎች በገጠር የሚገኙ 319 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት፣ ኮምፒዩተሩ ከታደለ ከ15 ወር ያህል በኋላ በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ የጨመረው ነገር እንዳላገኙ ገልጸዋል። ኮምፒዩተሩ ለልጆቹ ደርሷል፤ ልጆቹም ተጠቅመውበታል፤ በክፍል ውስጥ የሚሰጠው የማስተማር ሥራ ግን እንደ ነበረ ቀረ። ዕቃው ገብቶ መምህሩ ከውጭ ቀርቷልና።

በጎረቤታችን በኬንያ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ይገኛል። በኪሱሙ አካባቢ በተደረገ ሙከራ ለታናናሽ ልጆች የንባብ ትምህርት ሦስት ዓይነት አሠራር ጎን ለጎን ተፈተነ። በአንደኛው ወገን ታብሌት የተሰጠው መምህራንን እየዞሩ ለሚረዱ የትምህርት ተቆጣጣሪዎች ነው፤ በሁለተኛው ለመምህራኑ ነው፤ በሦስተኛው ለያንዳንዱ ተማሪ የኤሌክትሮኒክ ማንበቢያ ታደለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ውጤት መሠረት በሦስቱ መካከል በልጆቹ ንባብ ላይ የጎላ ልዩነት አልታየም። ወጪው ግን እጅግ የተለያየ ነበር። ለተቆጣጣሪዎቹ ብቻ መስጠት ከሁሉ ይልቅ ርካሽ ሆኖ ተገኘ።

የኬንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ «ቱሶሜ» በተባለው አገር አቀፍ የንባብ ፕሮግራም የተከተለው ይህንኑ መንገድ ነው። ተቆጣጣሪው ታብሌቱን ይዞ ወደ ክፍል ይገባ ነበር፤ ከኋላ ተቀምጦ መምህሩ ሲያስተምር ያይ ነበር፤ ጥቂት ልጆችን ያስነብብ ነበር፤ በመጨረሻም ከመምህሩ ጋር ስለ ትምህርቱ ይነጋገር ነበር። ታብሌቱ የጉብኝቱን ቦታና ሰዓት ይመዘግብ ስለ ነበር ለተቆጣጣሪው የመጓጓዣ ወጪ በዚያው መዝገብ መሠረት ይተካለት ነበር። እዚህ ላይ መሣሪያው ያመጣው ትልቁ ነገር አንድ ዕውቀት ያለው ሰው ወደ መምህሩ ዘንድ ደጋግሞ እንዲመጣ ማድረጉ ነው።

እንደዚሁም በቦትስዋና እ.ኤ.አ. በ2020 ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ጊዜ ከ4,500 በላይ በሆኑ ቤተሰቦች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በየሳምንቱ የሒሳብ ጥያቄ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ብቻ ከተላከላቸው ልጆች ይልቅ፣ ከመልእክቱ በተጨማሪ አስተማሪ ለ20 ደቂቃ ያህል ስልክ እየደወለ ያነጋገራቸው ልጆች የተሻለ ውጤት አሳይተዋል። ከስልኩ ሁሉ ቀላል የሆነው፣ ድምፅ ብቻ የሚያስተላልፈው ስልክ፣ ከጀርባው መምህር ሲኖር ፍሬ ሰጠ ማለት ነው።

ስለ ፈቃደኝነት ምሁራን የተናገሩት

ሰው አዲስ መሣሪያ የሚቀበለው በምን ምክንያት እንደሆነ ብዙ ምሁራን መርምረዋል። አሜሪካዊው ፍሬድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ጥናት ጉዳዩን በሁለት ጥያቄ ጠቅልሎታል። አንደኛው «ይህ ነገር ሥራዬን ይጠቅመኛልን?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ለመጠቀም ያስቸግረኛልን?» የሚል ነው። ከሁለቱም የሚበልጥ ክብደት ያለው የመጀመሪያው መሆኑን አሳይቷል። ይህም ማለት፣ ሰው በርግጥ ይጠቅመኛል ብሎ ላመነበት ነገር ጥቂት ችግር ይታገሣል፤ የማይጠቅመውን ግን እንደ ውሃ ቢቀልለትም አይነካውም።

ኤቨሬት ሮጀርስ የተባለው ሌላው ምሁር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1962 ስለ አዳዲስ ነገሮች መስፋፋት በጻፈው መጽሐፍ አንድ አዲስ ነገር በሕዝብ ዘንድ ፈጥኖ እንዲገባ የሚያደርጉትን ጠባዮች ቆጥሯል። ከቀድሞው የሚበልጥ ጥቅም ያለው መሆኑ፣ ከሰዎቹ ልማድና ፍላጎት ጋር መስማማቱ፣ ለመረዳት አለመወሳሰቡ፣ አስቀድሞ በጥቂቱ ሊሞከር መቻሉ፣ ውጤቱም ለሌሎች ሊታይ መቻሉ ናቸው። በዚህ መሥፈርት የፊደልን ገበታ ለመዘነ ሰው አምስቱንም ያሟላል።

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉት የሥነ ልቡና ሊቃውንት ስለ ሰው የሥራ ተነሣሽነት ባቀረቡት ትምህርት ደግሞ ሰው ከልቡ እንዲሠራ ሦስት ነገሮች እንደሚያስፈልጉት ገልጸዋል። በሥራው ላይ የራሱ ፈቃድ እንዲኖረው፣ ሥራውን ለመሥራት ብቁ መሆኑ እንዲሰማው፣ ከባልንጀሮቹ ጋርም እንዲተባበር ነው። ዴሲ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ሙከራ፣ የእንቆቅልሽ ጨዋታ በገዛ ፈቃዳቸው ይጫወቱ ለነበሩ ተማሪዎች ገንዘብ ከተከፈላቸው በኋላ ክፍያው ሲቀር ለጨዋታው የነበራቸው ፍላጎት እንደ ቀነሰ አሳይቷል። ይህ ለነጋዴ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። መተግበሪያውን ለከፈተ ሁሉ ሽልማት እሰጣለሁ የሚል ሰው የሚገዛው መክፈቱን ብቻ ነው፤ ሽልማቱ ባለቀ ዕለት መክፈቱም ያልቃል።

መምህሩ በልቡ የሚያደርገው ሒሳብ

እንግዲህ ይህን ሁሉ ወደ አገራችን ክፍል እንመልሰው። አንድ መምህር አዲስ መተግበሪያ ሲቀርብለት በልቡ ሒሳብ ያደርጋል። ይህ ሒሳብ በማናቸውም ነጋዴ መዝገብ ላይ ካለው የገቢና የወጪ ሒሳብ አይለይም።

የመጀመሪያው ሒሳብ የጊዜ ነው። ለምሳሌ ያህል አምስት ክፍል የሚያስተምር፣ በያንዳንዱም ክፍል 50 ተማሪ ያለው መምህር እንውሰድ። ይህ መምህር 250 ደብተር አለበት። ለያንዳንዱ ደብተር ሁለት ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ 500 ደቂቃ ይሆናል፤ ይኸውም ከስምንት ሰዓት በላይ ነው። በዚህ ላይ የዕለት ትምህርት ዕቅድ መጻፍ፣ ፈተና ማውጣት፣ ማርክ መደመር፣ ሮስተር መሙላት፣ የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ሰነድ ማዘጋጀት አለበት። ለዚህ ሰው መተግበሪያው ተጨማሪ ሥራ ይዞለት ከመጣ፣ ማለትም ማርኩን አንድ ጊዜ በወረቀት፣ ሁለተኛ ጊዜ በስልክ እንዲጽፍ ካዘዘው፣ የሚከተለው መልስ የታወቀ ነው። ነገር ግን የ250 ደብተር እርማት በሰዓታት ቢያሳጥርለት፣ ወይም ማርኩን ደምሮ ሮስተሩን ለኅትመት ቢያዘጋጅለት፣ መምህሩ ራሱ መተግበሪያውን ለባልንጀራው ያሳያል።

ሁለተኛው ሒሳብ የገንዘብ ነው። በብዙ ቦታ ስልኩም፣ ባትሪውም፣ የኢንተርኔት ጥቅሉም የመምህሩ የራሱ ነው። ለአሥር ደቂቃ የሚታይ ቪዲዮ 50 ሜጋባይት ያህል ቢፈጅ፣ 50 ተማሪ ላለው አንድ ክፍል 2,500 ሜጋባይት ይሆናል። ይህን ማን ይከፍላል? ከደመወዙ ላይ ቀንሶ ካርድ እየሞላ የትምህርት ቤቱን ሥራ እንዲሠራ የሚጠየቅ መምህር ባይቀበል ሊወቀስ አይገባውም። ሠራተኛውን በገዛ ገንዘቡ ነዳጅ ቀድቶ የድርጅቱን መኪና እንዲነዳ የሚያዝ የጭነት ድርጅት የለምና።

ሦስተኛው ሒሳብ የክብር ነው። በስልክ አያያዝ ተማሪው ከመምህሩ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። በ50 ልጆች ፊት ስልኩ አልታዘዝ ብሎት የሚንተባተብ መምህር የሚሰማውን ኀፍረት በቢሮ ተቀምጦ መተግበሪያ የሚሠራ ወጣት አስቀድሞ ሊያስበው ይገባል። ከዚህም በላይ በብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ስልክ ይዞ እንዳይገባ ይከለከላል። ትናንት ስልክ ሲነጥቅ የነበረው መምህር ዛሬ «ስልካችሁን አውጡ» እንዲል ከተፈለገ፣ ደንቡ አስቀድሞ በትምህርት ቤቱ አስተዳደር ሊለወጥ፣ ለወላጅም ሊገለጥ ይገባዋል፤ በመምህሩ ጫንቃ ላይ የሚጣል ጉዳይ አይደለም።

አራተኛው ሒሳብ የሥጋት ነው። መተግበሪያው መምህሩ በስንት ሰዓት እንደ ገባ፣ ስንት ጥያቄ እንዳወጣ፣ ተማሪዎቹ ስንት እንዳገኙ ይመዘግባል። ይህ መዝገብ ለእርዳታ ነው ወይስ ለክስ? ለደረጃ ዕድገት ነው ወይስ ለማሰናበቻ? መልሱ በግልጥ ካልተነገረው መምህሩ ክፉውን ይጠረጥራል፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና። እንደዚሁም መምህሩ ለብዙ ዓመት ያጠራቀመውን ማስታወሻና የፈተና ጥያቄ ወደ መተግበሪያው ሲያስገባ የማን ንብረት ይሆናል የሚለው ጥያቄ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪዎች መብት የሚሰጥ ሕግ እንደ መሆኑ መጠን፣ ነጋዴው ይህን ነገር በውሉ ውስጥ በማያሻማ ቃል ማስፈር ይገባዋል። የተማሪዎችንና የመምህራንን ስምና ውጤት አያያዝ በሚመለከትም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱን መዘንጋት ዋጋ ያስከፍላል።

መምህሩ አዲስ ነገር ይጠላልን?

መምህሮቻችን ከአዲስ ነገር የሚሸሹ ናቸው የሚለውን ወሬ ከሁሉ ይልቅ የሚያፈርሰው በ2012 ዓ.ም. የታየው ነገር ነው። ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን መተላለፉ የታወቀ ነው። ከዚሁ ጎን ለጎን ብዙ መምህራን፣ በተለይም በከተማ ያሉት፣ ቴሌግራምን ከፍተው ተማሪዎቻቸውን ሰበሰቡ። ማስታወሻቸውን በስልካቸው ፎቶግራፍ እያነሡ ላኩ፤ የሒሳቡን ስሌት በድምፃቸው ቀድተው አስረዱ፤ የቤት ሥራውን ሌሊት ተቀብለው አረሙ።

ቴሌግራም የመማሪያ መሣሪያ እንዲሆን ተብሎ የተሠራ አይደለም። ለመምህራኑም ስለ አጠቃቀሙ ገለጻ የሰጠ ነጋዴ አልነበረም። ሆኖም መምህራኑ ከወዳጅ ዘመድ ጋር ሲጻጻፉበት አስቀድሞ ያውቁት ነበር፤ ድምፅና ጽሑፍ ሲላክበት ብዙ ዳታ አይበላም፤ የላኩትንና ያልላኩትን የሚወስኑት ራሳቸው ነበሩ፤ አንዱ ሲቸግረው ባልንጀራው ያሳየው ነበር። ዴሲና ራያን የቆጠሯቸው ሦስቱ ነገሮች፣ ፈቃድና ብቃት ኅብረትም፣ በዚያች አነስተኛ መስኮት ውስጥ ተገኝተው ነበር። ስለዚህ የመምህሩ ፈቃደኝነት አስቀድሞም አለ። የጎደለው ፈቃደኝነቱን የሚቀበል ሸቀጥ ነው።

በዚህ ረገድ ከከተማ ርቀው የሚያስተምሩት መምህራን የተለየ አስተያየት ይሻሉ። በ2012 ዓ.ም. የቴሌግራሙ ትምህርት መብራትና ኔትወርክ ላለው ልጅ ደረሰ እንጂ ለሌለው አልደረሰም። ያለ ኢንተርኔት የማይከፈት መተግበሪያ ይዞ ወደ ወረዳ የሚወርድ ነጋዴ፣ ፕላዝማው መብራት በጠፋ ጊዜ የደረሰበትን ዕጣ መልሶ በገዛ ገንዘቡ ይገዛል።

ለነጋዴውና ለትምህርት ቤቱ ባለቤት

ከዚህ በላይ ከተዘረዘረው ነገር የሚወጣው ምክር እጅግ የተወሳሰበ አይደለም።

መተግበሪያ የሚሠራው ድርጅት አንዲት መስመር ከመጻፉ በፊት አንድ ሳምንት በአንድ ትምህርት ቤት ይክረም። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጦ ጊዜያቸው በምን እንደሚያልቅ ይመልከት። ከድካማቸው ሁሉ እጅግ የሚከብደውን አንዱን መርጦ እርሱን ያቅልል። ሃያ ነገር የሚሠራ መተግበሪያ ይዞ ከመምጣት አንድ ነገር በሚገባ የሚሠራውን ይዞ መምጣት ይሻላል፤ ሌላው በኋላ ይጨመራል።

መተግበሪያው ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ፣ ኔትወርክ በተገኘ ጊዜ ብቻ የተሠራውን እንዲያስተላልፍ ይደረግ። መምህሩ ትምህርቱን እንዲያቆም፣ እንዲደግም፣ ቅደም ተከተሉን እንዲለውጥ፣ የራሱን ምሳሌ እንዲጨምር፣ በሚያስተምርበት ቋንቋ እንዲያስረዳ ቦታ ይተውለት። ፕላዝማው የነፈገው ይህን ነበርና።

ሽያጩም በችኮላ ለትምህርት ቤቱ ሁሉ በአንድ ቀን አይሁን። በፈቃዳቸው ከተነሡ ሦስት ወይም አራት መምህራን ይጀመር። ሮጀርስ እንዳለው አስቀድሞ በጥቂቱ የሚሞከርና ውጤቱ የሚታይ ነገር በራሱ ይስፋፋል። በመምህራን መካከል ደግሞ አንድ ባልንጀራ በሻይ ሰዓት የተናገረው ቃል፣ ነጋዴ በአዳራሽ ከተናገረው ንግግር ይበልጥ ይታመናል። የመተግበሪያው ድርጅት ከሥልጠናው ቀን በኋላም ስልክ ሲደወልለት የሚያነሣ፣ በየወሩም ወደ ትምህርት ቤቱ ብቅ የሚል ሰው ይኑረው። የኬንያው ተቆጣጣሪ የሚያስተምረን ይህንኑ ነው።

የትምህርት ቤቱ ባለቤትም ድርሻ አለው። የኢንተርኔቱን ወጪ ይቻል፤ ይህ ሽልማት ሳይሆን የሥራ ወጪ መተካት ስለ ሆነ ዴሲ ያስጠነቀቀውን ጉዳት አያመጣም። አዲሱ አሠራር ሲገባ አሮጌውን የወረቀት ሥራ ያንሣ፤ ሁለቱን በአንድነት አይጫን። በመተግበሪያው የተመዘገበው ነገር መምህሩን ለመርዳት እንጂ ለመክሰስ እንደማይውል በጽሑፍ ያረጋግጥ። ውል ከመፈረሙ በፊትም ከሻጩ ጋር በሚደረገው ንግግር ላይ ቢያንስ ሁለት መምህራን ይቀመጡ። ዕቃውን የሚሸከሙት እነርሱ ናቸውና ክብደቱን እነርሱ ይመዝኑት።

የቴሌኮም ድርጅቶችም ቢሆኑ ከዚህ ንግድ የሚያገኙት ጥቅም አለ። ለመምህራን በቅናሽ የሚሸጥ የኢንተርኔት ጥቅል ቢያዘጋጁ፣ ዛሬ በቅናሹ የሚያጡትን ነገ በመምህሩ ተማሪዎች ብዛት ያገኙታል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ያለው ኪሳራ የነጋዴው ካፒታል ብቻ አይደለም። አንድ መተግበሪያ ሲከሽፍ ድርጅቱ ሌላ ሊሠራ ይችላል፤ የትምህርት ቤቱም ባለቤት በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ውል ሊፈርም ይችላል። አንድ ጊዜ ተንቆ የቆሰለ መምህር ግን የሚቀጥለውንም፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውንም መሣሪያ በጥርጣሬ ያየዋል። በዚያ ዓመት በክፍሉ የተቀመጠው ልጅ ደግሞ ያን ዓመት ሁለተኛ አያገኘውም።

ስለዚህ በዚህ አዲስ ንግድ ለመሰማራት የሚያስቡ ሁሉ፣ የስልኩን ዓይነትና የመተግበሪያውን ውበት ከመመርመራቸው አስቀድመው ወደ መምህራን ማረፊያ ክፍል ጎራ ይበሉ። በዚያ የሚሰሙት ቅሬታ ለጊዜው ደስ ላያሰኝ ይችላል፤ ነገር ግን ከማናቸውም የገበያ ጥናት ይልቅ የሚረባቸው እርሱ ነው። የፊደል ገበታ በየኔታ እጅ ገብቶ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንደ ተላለፈ፣ ዛሬም በመምህሩ ፈቃድ ወደ ክፍል የሚገባ መሣሪያ ለነጋዴው ትርፍ፣ ለመምህሩ እረፍት፣ ለልጁም ዕውቀት ይሆናል።